አምባ፣ ግምጃ ቤትና ዝገት፤ በግሸንና በአካባቢዋ ስለ ጦር መሣሪያ አቀማመጥ

በኢትዮጵያ የነፍጥን ታሪክ የጻፉ ሊቃውንት አብዛኛውን ጊዜ የሚቈጥሩት የገባውን መሣሪያ ነው። በየትኛው ወደብ፣ በየትኛው ነጋዴ እጅ፣ በስንት ብር ስንት ጠመንጃ እንደ ገባ፣ ከየትኛው ጠላትም ስንት እንደ ተማረከ በብዙ ድካም ተመርምሮ ተጽፏል። ነገር ግን ከገባው ውስጥ ከአሥር ወይም ከሃያ ክረምት በኋላ ስንቱ ይተኵስ እንደ ነበር የጠየቀ ሰው ጥቂት ነው። እህልን ነቀዝ እንደሚበላው ጠመንጃን ዝገት ይበላዋል። የጎተራውን ሁኔታ ሳያውቅ የአዝመራውን ብዛት ብቻ ቈጥሮ አገሩ ጠግቦ ኖረ ብሎ የሚጽፍ ሰው እንደሚሳሳት ሁሉ፣ የግምጃ ቤቱን ሁኔታ ሳይመረምር የገባውን ጠመንጃ ብቻ የሚደምር ታሪክ ጸሐፊም ይሳሳታል።

ይህን ጉዳይ ለመመልከት ከአምባሰል ምድር፣ ከግሸን አምባ የተሻለ መነሻ አይገኝም። ግሸን በአራቱም ማዕዘን ገደል የከበባት፣ ራሷ በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋ፣ መውጫዋም እጅግ ጠባብ የሆነ አምባ ናት። በመካከለኛው ዘመን የነገሥታቱ ወንዶች ልጆች መንግሥቱን እንዳያውኩ በዚህች አምባ ላይ እየተጠበቁ ይኖሩ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም ዘመን ግማደ መስቀሉ በዚያ እንዲያርፍ መደረጉን የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ያስተምራል፤ በግሸን የሚገኘው መጽሐፈ ጤፉትም በዚሁ ነገር የታወቀ ነው። ትውፊቱ እንደሚለው ቅዱሱ ንዋይ የተቀመጠው ከልዩ ልዩ ማዕድን በተሠሩና አንዱ በሌላው ውስጥ በገቡ ሣጥኖች ነው። የሃይማኖቱን ነገር ለባለሙያዎቹ ትተን አቀማመጡን ብቻ ብንመለከት፣ ከጥንት ጀምሮ በዚህች አምባ «መጠበቅ» ማለት ከሌባና ከጠላት መጠበቅ ብቻ እንዳልነበረ ይገባናል። ዕቃው ከአየርና ከእርጥበትም እንዲለይ ታስቦበታል።

ይህን ልዩነት ማስተዋል ያስፈልጋል። አምባን ለሰው ጥበቃ የሚያስመርጠው ጠባይ ሁሉ ለብረት ጠላት ነውና። አምባው ከፍ ያለ በመሆኑ ጠላት አይደርስበትም፤ ጉሙ ግን ይደርስበታል። በወሎ ደጋ ከሰኔ እስከ መስከረም ከሚዘንበው ክረምት ሌላ በበልግም ዝናብ አለ። ስለዚህ አንድ ዕቃ ቤት በዓመት ሁለት ጊዜ ይርሳል። ከዚህም በላይ በደጋ ቀኑ ፀሐያማ ሌሊቱ ብርዳም ነው፤ ብረትም ከእንጨትና ከድንጋይ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ ጤዛው አስቀድሞ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው። በወፍራም የድንጋይ ግድግዳ የተሠራና በሩ ተዘግቶ የሚከርም ግምጃ ቤት ውስጡ ቀዝቃዛ ይሆናል። በሩ ሲከፈት ሞቃትና እርጥብ አየር ይገባና በቀዘቀዘው ብረት ላይ ወደ ውሃነት ይለወጣል። ጠባቂው ጣሪያው አላፈሰሰም ብሎ ሲምል እውነቱን ነው፤ ውሃው የመጣው ከጣሪያ ሳይሆን ከአየር ነው።

የዝገት ተፈጥሮ በአጭሩ እንዲህ ነው። ብረት ከውሃና ከአየር ኦክሲጅን ጋር ሲገናኝ ቀይ ቡናማ ዱቄት ይሆናል። ይህ ዱቄት ብረቱን አጥብቆ አይሸፍነውም፤ ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ እርጥበትን እንደ ስፖንጅ ይይዛል፣ በሥሩም አዲስ ዝገት ይወልዳል። የአየሩ እርጥበት ከመቶ 60 እጅ ገደማ ሲያልፍ ሥራው ይፈጥናል፤ ጨው ከተጨመረበት ደግሞ ከዚያም ባነሰ እርጥበት ይጀምራል። ነሐስ ግን እንዲህ አይደለም። ነሐስ ሲያረጅ አረንጓዴ ልብስ ይለብሳል፣ ልብሱም ጠንካራ ስለሆነ ውስጡን ይጠብቀዋል። ይህ በብረትና በነሐስ መካከል ያለው ልዩነት በወሎ አምቦች ታሪክ ውስጥ በዓይን የሚታይ ምስክር አለው፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ነፍጥ ወደ ግሸን አካባቢ በኃይል የመጣው በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበትን ተራራ አይቶ ጽፏል፤ በዚያን ጊዜ የአምባው ኃይል ገደሉ፣ በሩና ጠባቂው ነበር። ከዚያ በኋላ የኢማም አሕመድ ጦር አምባውን ለመያዝ ሞክሮ በመጀመሪያ አልሆነለትም፤ እ.ኤ.አ. በ1540 ግን ያዘው፣ በዚያ የነበሩትም የነገሥታት ዘሮች ተፈጁ። በሚቀጥለው ዓመት ከክሪስቶቮ ዳ ጋማ ጋር 400 የሚሆኑ ፖርቱጋላውያን ነፍጥ ይዘው ገቡ፤ ኢማሙም ከቱርኮች በኩል ነፍጠኞች አስመጣ። ከዚያ ወዲህ አምባ የሚጠብቅ ሰው ነፍጥን ከሥሩ የሚፈራ ብቻ ሳይሆን ከላዩ የሚያኖርም ሆነ።

«ነፍጥ» የሚለው ቃል ራሱ ከዚህ ጉዳይ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ጥንት ትርጕሙ ከመሬት የሚወጣውና እሳት የሚይዘው ዘይት ነበር፤ በኋላ ባሩድን፣ ከዚያም ባሩድ የሚተኵሰውን መሣሪያ ለመጥራት ዋለ። በዘመናችን መኪና የሚነዳበት «ናፍጣ» የዚሁ ቃል ወንድም ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት የኢትዮጵያ ወታደር ጠመንጃውን በላምባ ሲያጥብ፣ ሳያውቀው ነፍጥን በነፍጥ ያጥብ ነበር ማለት ነው።

ግሸን ሰውና ንዋየ ቅድሳት የምታኖር አምባ ስትሆን፣ ከእርሷ ብዙ ሳትርቅ ያለችው መቅደላ ደግሞ በ19ኛው መቶ ዓመት ብረት የምታኖር አምባ ሆነች። ዐፄ ቴዎድሮስ በመንግሥታቸው መጀመሪያ መቅደላን ከያዙ በኋላ ግምጃ ቤታቸውንና እስረኞቻቸውን በዚያ አኖሩ። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት በዋልድማየርና በባልንጀሮቹ እጅ ያሠሯቸውን መድፎች፣ ከእነርሱም ታላቁን ሴባስቶፖል፣ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደዚያ አደረሱ። መንገዱን ለማውጣት የተደረገው ድካም በብዙ መጻሕፍት ስለ ተተረከ እዚህ አይደገምም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ መድፎቹን ሰባበረ፣ ሕንፃዎቹንም አቃጠለ። ሴባስቶፖል ግን ከነሐስ የተሠራ ስለሆነ ከዚያ ወዲህ ከ150 በላይ ክረምት ዘንቦበት እስከ ዛሬ በአምባው ላይ ይገኛል፤ አምሳያው በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። በዚያው ዘመን በዚያው አምባ ላይ ከነበሩት የብረት ጠመንጃዎች መካከል ሜዳ ላይ ተጥሎ የቀረ ቢኖር እንዲህ ያለ ዕድሜ ሊያገኝ አይችልም ነበር። ሰዎች ስለ ሴባስቶፖል ሲናገሩ ትልቅነቱን ያነሣሉ፤ ለታሪክ ያቈየው ግን ትልቅነቱ ሳይሆን ማዕድኑ ነው።

በእርግጥ መቅደላ ላይ የነበረው ነፍጥ ለሌላም ምክንያት ዋጋ አጥቶ ነበር። ከዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች ብዙዎቹ የያዙት ከአፈሙዙ የሚጎርስ፣ በገመድ እሳት ወይም በትንሽ የመዳብ ቆብ የሚተኵስ ጠመንጃ ሲሆን፣ እንግሊዞቹ የያዙት ከኋላ የሚጎርሰውን ሰናድርን ነበር። የዚህ ጠመንጃ ስም በአማርኛ የቀረው ከዚያ ወዲህ ነው። ነገር ግን ስለ ዝገት ስናስብ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ፤ አዲሱ ጠመንጃ ከአሮጌው ይልቅ ጥበቃ የሚፈልግ ሆኖ ተገኘ። የአሮጌው ጠመንጃ ውስጥ ለስላሳ ቀዳዳ ነው። ቢዝግ በአሸዋ ወይም በአመድ ፈግፍገው ያጸዱታል፤ ቀዳዳው በጥቂቱ ቢሰፋም ከበፊቱ ጥቂት ከፍ ያለ አረር አጉርሰው ይተኵሱበታል። ከሰናድር ወዲህ ያሉት ግን በውስጣቸው ጥይቱን የሚያሽከረክር ጠመዝማዛ ቦይ አላቸው። ዝገት ቦዩን ከበላው ወይም ባለቤቱ በአሸዋ ከፈገፈገው ጥይቱ አቅጣጫውን ይስታል። ጥይቱ የሚቀመጥበት ጎሬ ከዛገ ደግሞ ቀለሁ ከተተኰሰ በኋላ ተጣብቆ አልወጣም ይላል፤ በጦር ሜዳ እንዲህ ያለ ጠመንጃ የያዘ ሰው በእጁ ያለው ዱላ ነው። ስለዚህ መሣሪያው በዘመነ ቍጥር የግምጃ ቤቱ ሙያ አብሮ መዘመን ነበረበት፤ መሣሪያውን በጥድፊያ የገዛ መንግሥት ሁሉ ሙያውን አብሮ አልገዛም።

ግምጃ ቤት የሚለው ስም የጦር መሣሪያ ቤት ማለት አይደለም። ግምጃ የሐር ጨርቅ ነው፤ ግምጃ ቤትም በመጀመሪያ የክብር ልብስ ማኖሪያ ነበር። ጠመንጃ ሲመጣ በዚያው ገባ፣ የሚጠብቀውም በጅሮንዱ ሆነ። በዐድዋ ዘመቻ መድፈኞቹን ያዘዙት ባልቻ በጅሮንድ መባላቸው ለዚህ ነገር ጥሩ ምስክር ነው። ይህ አሠራር ለጥበቃና ለቍጥር መልካም ነበር፤ ለብረቱ ግን ሁልጊዜ መልካም አልነበረም። ጨርቅና ቆዳ እርጥበት ይስባሉ። ለክብር ሲባል በቆዳ አፎት ውስጥ ተከቶ የሚከርም ጠመንጃ ራቁቱን ከተሰቀለው ይልቅ ቶሎ ይዝጋል፤ ቆዳው የተለፋበት ጨውና ልዩ ልዩ ቅመም ከብረቱ ጋር ይነካካልና። ግብር ሆኖ የገባ አሞሌ በተከማመረበት ቤት ጠመንጃ ማቈየት ደግሞ ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው።

የሸዋ ነገሥታት ጠመንጃን በብዛት ሲያከማቹ ይህን ችግር በሰፊው ያገኙት ይመስላል። በ1833 ዓ.ም. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው የካፒቴን ሃሪስ መልእክት 300 ጠመንጃ በእጅ መንሻነት አቅርቦ ነበር። እንዲህ ያለ መሣሪያ ወደ አንኮበር የሚደርሰው ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ በግመል አቋርጦ ነው። ገና ግምጃ ቤት ሳይገባ የባሕሩን ጨዋማ አየርና የበረሃውን አቧራ ጠግቧል። ከሁሉ ግልጽ የሆነው ምሳሌ የፈረንሳዩ ባለ ቅኔ የአርቱር ራምቦ ንግድ ነው። ራምቦ ለንጉሥ ምኒልክ ሊሸጥ ያመጣው 2,040 ባለ ቆብ ጠመንጃና 60,000 የሬሚንግተን ጥይት ነበር። ዕቃው በታጁራ ጠረፍ ከ1878 ዓ.ም. ታኅሣሥ ገደማ እስከ 1879 ዓ.ም. ጥቅምት ድረስ ግመልና ፈቃድ ሲጠብቅ ቈየ። በየካቲት አንኮበር ሲደርስ ንጉሡ ዋጋውን ዝቅ አድርገው ወሰዱት፤ ራምቦም ስለ ኪሳራው ብዙ አማረረ። ጸሐፊዎች ይህን የንጉሡ የገበያ ብልሃት አድርገው ይተርኩታል፤ እንዲያም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አምሳያው በአውሮፓ የተሻረ፣ ከዚያም ላይ አንድ ዓመት ሙሉ ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ በባሕር አየር የሰነበተ ጠመንጃ ሙሉ ዋጋ ይገባዋል የሚል ገዥ ሊገኝ አይችልም።

ከዚያ በኋላ መሣሪያው በገፍ መጣ። ቀድሞ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ ከግብጾች የተማረከው ሬሚንግተን በሰሜን በኩል በዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት እጅ ነበር። በ1880 ዓ.ም. ጥቅምት ኢጣሊያ ለንጉሥ ምኒልክ 5,000 ሬሚንግተን ለመስጠት ቃል ገባች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚሁ በአምባሰል፣ በይስማ ንጉሥ የተፈረመው የውጫሌ ውል የመሣሪያን በር ይበልጥ ከፈተው። የፈረንሳዩ ግራ «ውጅግራ» ተብሎ፣ የቤልጅጉም «ቤልጅግ» ተብሎ በየመንደሩ ገባ። ውሉ የተፈረመበት ስፍራ ከግሸን አምባ በታች ባለው አገር መሆኑ ድንገት ነው፤ ሆኖም አምባው የሚጠበቅበት አሮጌ ዘመንና ነፍጥ በውል የሚሸመትበት አዲስ ዘመን በአንድ ወረዳ መገናኘታቸው ሳይጠቀስ የሚታለፍ አይደለም።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ ብረት ከዝገት ያዳነው ምንድር ነው? ፋብሪካ የሠራው የጠመንጃ ዘይት እንደ ጥይት ከባሕር ማዶ የሚመጣና ከከተማ ርቆ የማይገኝ ነበር። ቫዝሊን የሚባለውን የመሬት ዘይት ቅባት አሜሪካዊው ቼዝብሮ በስሙ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1872 ሲሆን፣ ግራሶ ስሙ እንደሚመሰክረው በኢጣልያኖች በኩል የታወቀ ነው። ስለዚህ ባላገሩ ጠመንጃውን የሚቀባው ከጓዳው ባገኘው ቅባት ነበር። የእነዚህን ቅባቶች ጠባይ ለያይቶ ማየት ይገባል፤ ሁሉን «ቅባት» ብሎ ማለፍ ነገሩን ያደበዝዘዋል።

ቅቤ ሁሉም ቤት ይገኛል። ነገር ግን ያልተነጠረ ቅቤ ከመቶ 15 እጅ ያህል ውሃ አለበት፤ ጠመንጃን በእርሱ መቀባት ውሃ መቀባት ነው። ሲነጠር ውሃው ይተናል፣ አሬራውም ይለያል፤ ያን ጊዜ ለጥቂት ጊዜ ይከላከላል። ሲሻግት ግን ውስጡ አሲድ ይሆንና ብረቱን በተራው መብላት ይጀምራል። ሞራም እንደዚሁ ነው፤ ትኩስ ሆኖ ጨው ሳይነካው ከተቀለጠ መልካም ሽፋን ይሆናል፣ ሲከርም ግን ይበላሻል። የኑግ ዘይት ደግሞ ከእነዚህ የተለየ ጠባይ አለው። ኑግ፣ ከእርሱም ይበልጥ ተልባ፣ በቀጭኑ ተቀብቶ አየር ሲያገኘው ይደርቃል፣ እንደ ቫርኒሽም ይሆናል። ይህ ለአፈሙዙ ውጪና ለእንጨቱ ሰደፍ ጥቅም ነው፤ እርጥበትን ያግዳል። በቃታውና በመቀባበያው ውስጥ ሲደርቅ ግን ሙጫ ይሆንና ጠመንጃውን ያስረዋል። ስንቱ «ከሸፈ» የተባለ ጠመንጃ በዝገት ሳይሆን በደረቀ ዘይት ታስሮ ይሆን? ጉሎ ከሁሉ ይሻላል፤ ዘይቱ አይደርቅም፣ ብረትን በብረት ላይ ያንሸራትታል። ሰም ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የማይጠፋ ነገር ነው። በቀጭኑ ቀልጦ ሞቅ ባለ ብረት ላይ ቢቀባ ውሃ አያሳልፍም፤ የዛሬ የቤተ መዘክር ባለሙያዎችም ለአሮጌ ብረት የሚመርጡት ሰም መሰል ሽፋን ነው።

ቅባቱ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ከቅባት በፊት እጥበት አለ። ባሩድ ተቃጥሎ የሚተወው ጥላሸት እርጥበት የሚስብ ጨው አለበት። ከጥቍር ባሩድ በኋላ የመጡት የጦር ጥይቶችም እስከ 20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ አብዛኛዎቹ ሲተኰሱ ከገበታ ጨው ጋር የሚመሳሰል ጨው በአፈሙዙ ውስጥ ይተዉ ነበር። ይህ ጨው በዘይት አይሟሟም። ተኵሶ የመጣ ሰው አፈሙዙን በዘይት ብቻ ወልውሎ ቢሰቅለው ጨውን ከዘይቱ ሥር ቀበረው እንጂ አላወጣውም፤ ከሳምንት በኋላም ውስጡ ቀልቶ ያገኘዋል። መድኃኒቱ የፈላ ውሃ ነው። ውሃው ጨውን ያወጣል፣ ሙቀቱም ብረቱን ራሱ ያደርቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ቅባት ይከተላል። ብረትን ከዝገት ለማዳን አስቀድሞ በውሃ ማጠብ ለጀማሪ ሰው የተገላቢጦሽ ይመስለዋል፤ የድሮ ተኳሽ ግን በልምድ ያውቀው ነበር።

እዚህ ላይ ከግምጃ ቤቱ ወደ ጎጆው መሄድ ያስፈልጋል። ለሠራዊቱ የሚሰጠው ጠመንጃ ሁሉ በቤተ መንግሥት ተቈልፎ አልቀረም፤ ብዙው ለባለ ጠመንጃ እየታደለ በየቤቱ ይኖር ነበር። ገዥዎች በዚህ አንዳንድ ጊዜ ይሠጉ ነበር፤ ለብረቱ ግን ይህ መበተን ታላቅ በረከት ሳይሆን አልቀረም። ጠመንጃው የሚሰቀለው እሳት በማይጠፋበት ቤት ግድግዳ ወይም ከቆጡ አጠገብ ነው። ምድጃው ቤቱን ያሞቀዋል፣ አየሩንም ያደርቀዋል፤ ጤዛ አያርፍም። ጢሱ አሲድ ቢኖርበትም ከእርሱ ጋር የሚመጣው ጥቀርሻ ዝፍት መሰል ስለሆነ ብረቱን ይለብጠዋል። ከሁሉ በላይ ጠመንጃው ባለቤት አለው። ለሠርግ ይይዘዋል፣ ለለቅሶ ይተኵሰዋል፣ ለበዓል ይወለውለዋል። ግምጃ ቤት ውስጥ ከሺህ አንድ የሆነውን ጠመንጃ ግን በዓመት አንድ ጊዜ የሚነካው ሰው እንኳ ላይኖር ይችላል። ጥይትም እንዲሁ ነበር፤ በገበያ እንደ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ስለ ነበር በአንድ ቦታ ተቀብሮ የመሻገት ጊዜ አላገኘም። በዚህ መሠረት በየካቲት 1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ሠራዊት ብዙ ክፍል ጠመንጃውን ያወጣው ከምድጃው አጠገብ ነው፤ ለድሉ የተቈጠሩት ምክንያቶች ብዙ ቢሆኑም ይህ ትንሽ ምክንያት በመካከላቸው ስፍራ ሊኖረው ይገባል።

ዘመናዊው የጦር ሚኒስቴር በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ ተመሠረተ፤ የማዕከሉም መጋዘን እያደገ ሄደ። በአንጻሩ በየአውራጃው የሚገኙት ታላላቅ መኳንንት የየራሳቸው ግምጃ ቤት ነበራቸው። በወሎ ንጉሥ ሚካኤል በጥቅምት 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ሲሸነፉ ከተዋጊው ጋር የተማረከው መሣሪያ ከደሴ ወደ ሸዋ ዞረ፤ ልጅ ኢያሱም ወደ መቅደላ ወጥተው አምባው እንደገና ተከበበ። ይህ አምባ ለመሣሪያ ማኖሪያነትና ለመሸሸጊያነት ከዋለባቸው የመጨረሻ ጊዜያት አንዱ ነው ማለት ይቻላል። በ1928 ዓ.ም. ኅዳር ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በደሴ ሰፍረው ሳለ የኢጣልያ አውሮፕላን ከተማዋን ሲደበድብ፣ አምባ ከላይ የሚመጣ ጠላትን የማያግድ መሆኑ ለሁሉ ታየ።

የጠላት ወረራ አምስቱ ዓመታት ለዚህ ጥናት ሌላ ዓይነት መጋዘን ያመጣሉ፤ እርሱም የተደበቀ መሣሪያ ነው። ጠላት መሣሪያ አስረክቡ ሲል ገበሬው ጠመንጃውን በዋሻ፣ በእህል ጉድጓድ፣ በአመድ ክምር ውስጥ ሸሸገ። ከእነዚህ ውስጥ ዋሻው ደረቅ ከሆነ ይሻላል። የእህል ጉድጓድ ብዙ ሰው እንደሚያስበው አስተማማኝ አይደለም፤ እህል ራሱ እርጥበት ይተነፍሳል። አመድ ከሁሉ የከፋ አታላይ ነው። ደርቆ ሳለ ጤዛን የሚመጥ ይመስላል፤ ነገር ግን ጨዋማ ስለሆነ ክረምት ሲያርሰው በብረቱ ላይ እንደ ጭቃ ይጣበቃል። በጨርቅ ተጠቅልሎና በሞራ ተለውሶ በደረቅ ዋሻ የተቀመጠው ግን ከዓመታት በኋላ ወጥቶ ተኵሷል። በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ደሴ ከኢጣልያኖች እጅ ስትወጣ አዲስ የምርኮ መሣሪያ በብዛት ገባ፤ አሮጌው ውጅግራና ሬሚንግተንም ወደ መጋዘን ጥግ ተገፋ። በዚያም ተረሳ።

መረሳቱ ዋጋ አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከኢትዮጵያ መጋዘን የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች፣ ግራ፣ ቬተርሊና ካርካኖ በሚባሉት ጭምር፣ በአሜሪካ ሰብሳቢዎች ገበያ በብዛት ታይተዋል። ብዙዎቹ ዝገት የበላቸው ስለ ነበሩ እንደ አሮጌ ዕቃ በየደረጃቸው ተመዝነው ተሽጠዋል። በአንዳንዶቹ ላይ የይሁዳ አንበሳ ምልክትና የኢትዮጵያ ጽሕፈት አለ። ለገዢው ያ ምልክት ጌጥ ነው፤ ለታሪክ ግን ሰነድ ነው። መሣሪያው በማን ዘመን ገባ፣ በየትኛው ግምጃ ቤት ተቈጠረ የሚለውን ጥያቄ ወረቀቱ ከጠፋ በኋላ የሚመልሰው ያ ብረት ብቻ ነው።

በዚህ ምክንያት በአገር ውስጥ በቀረው ላይ፣ በቤተ መዘክሮችም ሆነ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ዕቃ ቤት በስለት በተቀመጠው አሮጌ መሣሪያ ላይ የሚደረገው ጽዳት ጥንቃቄ ይሻል። በቅን ልብ የሚደረግ አንድ ስሕተት አለ፤ ይኸውም ለእንግዳ እንዲያምር ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ወይም በአሸዋ ፈግፍጎ ብረቱን ማብራት ነው። ዝገቱ ይነሣል፣ ግን ቍጥሩና ማኅተሙ አብሮ ይነሣል፤ የተገለጠውም ብረት ልብሱን ስላጣ በሚቀጥለው ክረምት ከፊተኛው ይበልጥ ይዝጋል። ሎሚ ወይም ሆምጣጤ ዝገትን ያሟሟል፤ ነገር ግን አሲዱ በሚገባ ካልታጠበና ካልደረቀ ሥራውን ከዝገቱ ወደ ብረቱ ያስተላልፋል። ያልጎላ ዝገት በቀጭን ዘይት ርሶ ጥቂት ቀን ይቈያል፤ ከዚያም በለስላሳ ጨርቅ ወይም ከብረት በሚለሰልስ ነገር፣ በመዳብ ወይም በቀንድ ቍራጭ፣ በቀስታ ይፋቃል። ጥቍር ቡናማው ጽኑ ልብስ ይተዋል፤ ቀዩ ዱቄት ብቻ ይወጣል። ከዚህ ሁሉ በፊት መሣሪያው ጥይት እንዳልጎረሰ በባለሙያ መታየት አለበት፤ ከመቶ ዓመት በኋላም የጎረሰ ጠመንጃ የጎረሰ ነውና። ምልክቱና ቍጥሩ አስቀድሞ በፎቶግራፍ ይነሣል፣ በመዝገብም ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ሰም ይቀባል፤ ከቆዳ አፎቱ ተለይቶ፣ ከመሬትና ከድንጋይ ግድግዳ ርቆ፣ አየር በሚያልፍበት እንጨት ላይ ይቀመጣል።

የግሸን ንግሥ መስከረም 21 ቀን ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ ጉሙ ከአምባው ራስ ላይ መነሣት ሲጀምር፣ ከብዙ አገር የመጣ ምእመን በዚያች ጠባብ መንገድ ይወጣል። ዕቃ ቤት ያለው ደብር ሁሉ በሩን ከፍቶ ከክረምት የተረፈውን የሚመረምርበት ወራት ቢመረጥ ከዚህ ወራት የተሻለ የለም፤ አየሩ ደርቋል፣ ዝገቱም ገና ወጣት ነው።